«ፈቃድ አለኝ» ሲባል የትኛው ፈቃድ? በጎንደር የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ ወረቀቶች፣ ወጪዎችና ወሰኖች

«ፈቃድ ያለው የመብራት ሠራተኛ አገናኙኝ» ብሎ በጎንደር የሚጠይቅ ሰው ብዙ ዓይነት ወረቀት ይቀርብለታል። አንዱ የኮሌጅ ዲፕሎማውን ያወጣል፤ ሌላው ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ውጤቱን ያሳያል፤ ሦስተኛው የንግድ ፈቃዱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል። ማናቸውም አልዋሹም። ነገሩ የተምታታው ሦስቱ ወረቀቶች ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ስለሚመልሱ ነው፤ አሠሪው ማወቅ የፈለገው ደግሞ አራተኛውን ሊሆን ይችላል።

ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ በከተማዋ የሚፈርሰውም የሚገነባውም በዝቷል። ቆጣሪው የሚነሳበት፣ መስመሩ የሚዞርበት፣ ሽቦው እንደ አዲስ የሚዘረጋበት ቤት ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ጉዳዩ የተቋራጮች ብቻ ሳይሆን የማንኛውም ቤት ያለው ሰው ነው።

አንድ ፈቃድ ነው ወይስ ብዙ?

ባጃጅን እንውሰድ። ሹፌሩ መንጃ ፈቃድ አለው፤ ይህ ስለ ሰውየው ይናገራል። ባጃጇ ዓመታዊ ምርመራ አልፋ ቦሎ ተለጥፎባታል፤ ይህ ስለ ዕቃዋ ነው። ሰው ጭኖ ገንዘብ ለመቀበል ደግሞ የንግድ ፈቃድና ታፔላ ይጠየቃል። መንጃ ፈቃዱ ቦሎውን አይተካም፤ ታፔላውም ሹፌሩ መንዳት እንደሚችል አያረጋግጥም።

የኤሌክትሪክ ሥራም እንዲሁ ነው። የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫ፣ ማለትም ሲኦሲ፣ ፒንሳ ስለጨበጠው ሰው ነው። የተቋራጭነት የብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀት ስለ ድርጅቱ ነው፦ በስሩ እነማን ባለሙያዎች አሉ፣ ምን መሣሪያ ይዟል፣ ምን ሠርቷል። የንግድ ሥራ ፈቃድ በዚህ ሥራ ነግዶ ግብር ለመክፈል ነው። የግንባታ ፈቃድ ደግሞ ስለ ቤቱ ስለሆነ የሚያወጣው ተቋራጩ ሳይሆን ባለቤቱ ነው።

የንግድ ፈቃድ ብቻ የያዘ ሰው በሕግ መነገድ መቻሉን እንጂ ሽቦ ማሰር መቻሉን አላሳየም።

ብቃቱን የሚያረጋግጠው መብራት ኃይል አይደለም እንዴ?

አይደለም። ሕዝቡ ዛሬም «መብራት ኃይል» የሚለው ድርጅት በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በከፍተኛ መስመር ያስተላልፋል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለደንበኛ ያከፋፍላል፣ ቆጣሪ ይተክላል፣ ሒሳብ ይሰበስባል። ኃይል ሻጭ ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያዎችንና ተቋራጮችን ብቃት የሚያረጋግጠው ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሌላ ነው።

ይህ ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 86/1989 የኤሌክትሪክ ኤጀንሲ ሲቋቋም የተጀመረ ነው። አሁን የሚሠራበት መሠረት የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006፣ ማሻሻያው ቁጥር 1085/2010 እና ደንብ ቁጥር 447/2011 ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ቀያይሯል፦ ኤጀንሲ ነበር፤ የኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣን ሆነ፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይባላል። አንድ ተቋራጭ በቀድሞው ስም የወጣ ወረቀት ቢያሳይ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። የማብቂያ ቀኑን ግን ማየት ነው፤ ምስክር ወረቀቱ የጊዜ ገደብ አለውና።

በጨረታ በኩል የሚመጣ ሌላ መደናገሪያ አለ። የሕንፃና የመንገድ ተቋራጮች የሚመዘገቡት በኮንስትራክሽን ዘርፍ ነው፤ ይህን የሚመራው የከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር ነው። ሕንፃ ሠሪ ተቋራጭ ትልቅ ደረጃ ስላለው ብቻ ኤሌክትሪኩንም በራሱ መሥራት የሚችል የሚመስላቸው አሠሪዎች አሉ። ኤሌክትሪኩ የራሱ ምስክር ወረቀት ያለው ነው፤ ብዙ ጊዜም ለንዑስ ተቋራጭ ይሰጣል።

ተቋራጭ መሆን የሚፈልግ ከየት ይጀምራል?

ከሰው ነው የሚጀመረው። ድርጅቱ ውስጥ የሚሠራው ባለሙያ የሙያ ብቃት ምዘና ያለፈ መሆን አለበት፤ ምዘናው ከደረጃ 1 እስከ 5 ይሄዳል፣ የጽሑፍና የተግባር ክፍልም አለው። በጽሑፉ ጎበዝ የሆነ ተማሪ ተግባሩ ላይ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በቀላል ነገር ነው፦ ብሎኑ ጠብቆ ያልታሰረ ሽቦ፣ ማብሪያ ማጥፊያው በፌዙ (ኃይሉን በሚያመጣው ሽቦ) ፈንታ በኒውትራሉ (በመመለሻው ሽቦ) ላይ የተገጠመ አምፖል። የኋለኛው አምፖሉን ያጠፋዋል፤ መያዣው ላይ ግን ፌዙ እንዳለ ይቆያል፤ አምፖል የሚቀይረውን ሰው የሚይዘውም ይኸው ነው።

ቀጥሎ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ምዝገባ ይመጣሉ። ከዚያ የተቋራጭነት የብቃት ማረጋገጫ፣ ከዚያ የንግድ ሥራ ፈቃድ፣ በመጨረሻ የሽያጭ መጠኑ በሕግ ከተቀመጠው ወለል የሚደርስ ከሆነ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ። ሰውን የሚያመላልሰው መሐሉ ነው። የንግድ ምዝገባና የንግድ ፈቃድ አንድ ቢሮ ስለሚሰጣቸው አንድ ይመስላሉ። ምዝገባው ለድርጅቱ ስም ይሰጠዋል፤ ፈቃዱ ሥራ ይሰጠዋል። የብቃት ማረጋገጫው የሚጻፈው በተመዘገበው ስም ነው፤ የንግድ ፈቃዱ ደግሞ ያለ ብቃት ማረጋገጫው አይወጣም። ስለዚህ ብቃቱ በሁለቱ መካከል የሚገባ ነው፤ ቅደም ተከተሉን የሳተ ሰው «መጀመሪያ ያንን አምጣ» እየተባለ ሁለት መስኮት መካከል ይመላለሳል።

ማመልከቻ የሚያስመልሱት ነገሮች ከሙያው ጋር ግንኙነት የላቸውም ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ስም ነው። መታወቂያው ላይ «ኃ/ማርያም»፣ ዲፕሎማው ላይ «ኃይለማርያም»፣ የግብር ምዝገባው ላይ «ኃይለ ማርያም» ከሆነ ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው የሚያየው። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ለአንድ ጭረት የድጋፍ ደብዳቤ ከቀበሌ ማጻፍ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ቢያልቅ ይሻላል።

ሁለተኛው የባለሙያው የሥራ መልቀቂያ ነው። ቀድሞ በሌላ ድርጅት ስም የተቆጠረ ባለሙያ ከዚያ መልቀቁን ካላሳየ ለአዲሱ አይቆጠርም። እዚህ ላይ በዘርፉ የታወቀውን «ወረቀት ማከራየት» ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም፦ መሐንዲሱ በወረቀት አለ፣ በሥራው ቦታ የለም። አሠሪው ይህን የሚያውቅበት ቀላል መንገድ አለ፤ ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ባለሙያ ሥራውን አይቶ እንዲፈርም በውሉ ላይ በስሙ ማስገባት ነው። ሰውየው ከሌለ ውሉ ሲፈረም ይታወቃል።

ሦስተኛው የንግድ መስኩ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጥና የኤሌክትሪክ ሥራ መሥራት ሁለት የተለያዩ የፈቃድ መስኮች ናቸው። ሱቅ ያለው ሰው «ዕቃውንም ከኔ፣ ሥራውንም ከኔ» ሲል ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን መስክ ማንበብ ነው።

እድሳት ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ከጥር ጀምሮ ቅጣት አለው። የግብር ክሊራንስ ይጠየቃል። የብቃት ማረጋገጫው በመሐል ጊዜው ካለፈ የንግድ ፈቃዱም እድሳት ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ የሁለቱን ቀን አብሮ መያዝ ነው። ፈቃድን ለሌላ ሰው ማከራየት ወይም ማስተላለፍ በንግድ ሕጉ የተከለከለ ነው።

ፈቃድ ያለው ተቋራጭ ምሰሶ ላይ መውጣት ይችላል?

ወሰኑ ቆጣሪው ነው። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ነው፤ ከቆጣሪው ወደ ቤት ያለው የባለቤቱ ነው። የግል ቤት ሥራ የያዘ ተቋራጭ፣ ደረጃው ምንም ቢሆን፣ የቆጣሪውን እሽግ መቁረጥ ወይም ምሰሶ ላይ ያለውን መስመር መንካት አይችልም። አጥር ፈርሶ ቆጣሪ መነሳት ካለበት ማመልከቻው የሚገባው ለአገልግሎቱ ነው። «ለአንድ ቀን ብቻ ፈትቼ ልመልሰው» የሚል ሠራተኛ ሲገኝ ደስ ይላል፤ እሽጉ ተቆርጦ ሲገኝ ግን የሚጠየቀው ቆጣሪው በስሙ ያለው ደንበኛ ነው።

ወሰኑን ማወቅ ለብልሽትም ይጠቅማል። በአንድ ሰፈር የአንዱ ቤት መብራት ደምቆ የሌላው ሲደበዝዝ፣ ቴሌቪዥንና ቻርጀር ሲቃጠል፣ አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው መስመሩ ላይ ኒውትራሉ መላቀቁ ነው። ኒውትራሉ ሲኖር እያንዳንዱ ቤት 220 ቮልት ያገኛል። ሲበጠስ የሁለት ፌዝ ቤቶች በተከታታይ እንደታሰሩ ይሆኑና በሁለቱ ፌዞች መካከል ያለውን 380 ቮልት ይከፋፈሉታል፤ ጥቂት ዕቃ የከፈተው ቤት የበዛው ይደርሰዋል። ይህን የግል ኤሌክትሪሺያን ሊጠግነው አይችልም። ዋናውን ብሬከር አውርዶ በ905 መደወል ነው።

አዲስ ቆጣሪ ሲጠየቅ ስለ ምጣዱ ለምን ይጠየቃል?

ለአዲስ ቆጣሪ የሚቀርበው የመታወቂያና የይዞታ ማስረጃ ነው፤ ከዚያ ቴክኒሻን መጥቶ ቦታውን ያያል፣ ግምት ይወጣል፣ ይከፈላል፣ ይገጠማል። ቅጹ ላይ ቀላል የሚመስለው ጥያቄ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈለግ ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው በኋላ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ማራኪ ላይ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ልታከፋፍል ቤት የተከራየች ነጋዴ አለች እንበል። አራት ምጣድ ልትተክል ነው። አንዱ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ከሆነ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። አራቱ በአንድ ፌዝ ቆጣሪ ላይ ሲሆኑ 64 አምፔር ይሆናሉ፤ ይህ ለተራ የቤት ቆጣሪና ወደ ቤት ለሚገባው ሽቦ ከባድ ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ብታስገባ ሁለቱ ምጣዶች በአንዱ ፌዝ 32 አምፔር፣ የቀሩት ሁለቱ ለየብቻ 16፣ 16 ይሆናሉ፤ ልዩነቱ 16 አምፔር በኒውትራሉ ይመለሳል። ምጣዶቹ ሦስት ወይም ስድስት ቢሆኑ ፌዞቹ እኩል ይሸከማሉ። የተቋራጭ ዕውቀት የሚታየው «አራት ከሚሆን ስድስት ይሁንልሽ፣ ወይም ከሦስት ጀምሪ» ብሎ ከመጀመሪያው ሲናገር ነው።

ወደ ቤት ውስጥ ስንገባ፣ በተለምዶ ለመብራት ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ከ16 አምፔር ጋር ይዘረጋል። ምጣድ ለብቻው ባለ 4 ሽቦና የ20 አምፔር ብሬከር ይፈልጋል። ብዙ ቤት የሚሠራው ስህተት ምጣዱን የሶኬት መስመር ላይ መጨመር ነው። 16 አምፔሩ ብሬከር ልክ በአቅሙ ጫፍ ላይ ስለሚሠራ፣ ሊጡ ግማሽ ሲደርስ ግሎ ይወድቃል። «ብሬከሩ አይረባም» ይባልና 32 አምፔር ይገጠማል። አሁን መውደቁ ይቀራል፤ መጋሉ ግን ወደ ግድግዳው ውስጥ ገባ። ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ከሽቦው አቅም የሚበልጥ ብሬከር የገጠመ ሰው ጠባቂውን አባሮ በሩን ክፍት ትቷል።

እንደ ሆቴል ላለ ትልቅ ጭነት የሰፈሩ ትራንስፎርመር ካልቻለ የራስ ትራንስፎርመር ይጠየቃል፤ 25፣ 50፣ 100፣ 200፣ 315 ኪሎ ቮልት አምፔር እያለ ይሄዳል። በጎንደር ለጥምቀት እንግዳ እንዲደርስ ታኅሣሥ ላይ የሚጀመር የሆቴል ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያጥረው ሽቦ ሳይሆን ይህ ነው።

ለሽቦ ሥራ የግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል?

ሶኬት ለመቀየር አያስፈልግም። አዲስ ቤት ሲሠራ ወይም ነባሩ በስፋት ሲለወጥ ግን የኤሌክትሪክ ንድፉ ከግንባታ ፈቃዱ ጥያቄ ጋር የሚገባ ነው። አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ መድቧል፤ ከፍታው ከ12 ሜትር የሚበልጥ፣ ፋብሪካ ወይም የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃን ምድብ ሐ ውስጥ አስገብቷል። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ንድፍና ፈራሚ ባለሙያም ይጨምራል። ቀድሞ የሚወጣው የፕላን ስምምነት ነው፤ በቦታው ላይ ምን ዓይነት ሕንፃ እንደሚፈቀድ የሚናገር ወረቀት ነው። እሱን ሳይዙ የኤሌክትሪክ ንድፍ ማሠራት ገንዘብ መድፋት ሊሆን ይችላል፤ ፎቁ ሲቀነስ ንድፉም አብሮ ይቀራል።

በፒያሳ ያሉት የጣሊያን ዘመን ቤቶችና በፋሲል ግቢ ዙሪያ ያሉት ይዞታዎች ለብቻቸው ናቸው። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። በቅርስነት የተያዘ ግድግዳ ለቱቦ ከመገዝገዙ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በዚያ ቤት የሚመረጠው ሥራም ግድግዳውን ሳይቆፍሩ ከላይ የሚሄድ ቱቦ ነው።

ዋጋው ለምን ከአንዱ ተቋራጭ ወደ ሌላው ይራራቃል?

የእጅ ዋጋ የሚነገረው በፖይንት ነው። አንድ አምፖል ወይም አንድ ሶኬት አንድ ፖይንት ይባላል። ጠቡ የሚነሳው ከአቆጣጠሩ ነው፦ ድርብ ሶኬት አንድ ነው ሁለት? በሁለት በኩል የሚበራ የደረጃ መብራት ስንት ይቆጠራል? ግድግዳ መገዝገዝና መልሶ መለሰን በማን ነው? የፖይንት ዋጋው ያነሰው ፕሮፎርማ እነዚህን ውጭ ስለተዋቸው ሊሆን ይችላል። ሁለት ፕሮፎርማ ማወዳደር የሚቻለው የሥራ ዝርዝራቸው አንድ ሲሆን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ታክሱ አለ። ተቋራጩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመራል፤ 300,000 ብር የተባለው ሥራ 345,000 ይሆናል። «ያለ ደረሰኝ ይቀንስልዎታል» የሚለው ቅናሽ ብዙ ጊዜ ይህ 45,000 ነው፤ ከሱ ጋር ግን ሥራው ሲበላሽ የሚያዝበት ማስረጃም አብሮ ይቀራል።

ከሁሉም በላይ የሚዋዥቀው ዕቃው ነው። የሽቦው መዳብ የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ተቋራጮች ፕሮፎርማቸው ላይ የሚጽፉት የዋጋ ጊዜ አጥሯል። ለዚህም ነው ቅድሚያ ክፍያ ሲወሰድ ሽቦው ወዲያው ተገዝቶ ቦታው ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ለሁለቱም ወገን የሚያዋጣው።

የሽቦ ማጭበርበር የሚያዘው በሚዛን ነው። 100 ሜትር ባለ 2.5 ሽቦ ውስጥ 2.24 ኪሎ ገደማ መዳብ መኖር አለበት፤ በባለ 1.5 ውስጥ 1.34 ኪሎ፣ በባለ 4 ውስጥ 3.6 ኪሎ። ጥቅሉ ከነላስቲኩ ተመዝኖ ከመዳቡ ክብደት ካነሰ፣ ሽቦው ቀጭን ነው ወይም መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ጫፉን በቢላ ፍቆ ውስጡ ብርማ ከታየ መልሱ ተገኘ። ቅዳሜ ገበያ የእህል ሚዛን መቼም አይጠፋም።

ሥራው አልቋል ሲባል ምን መታየት አለበት?

መብራት በራ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም፤ በራ ማለት ከረንቱ መንገድ አገኘ ማለት ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚለካው የሽቦው ሽፋን ነው። ዕቃ ሁሉ ተነቅሎ፣ ኃይሉ ተቋርጦ፣ ሜገር የሚባለው የሽፋን መለኪያ በ500 ቮልት በፌዝና በመሬት መስመሩ መካከል ይለካል፤ ከ1 ሜጋኦም በታች ከመጣ ልስን ውስጥ የተላጠ ወይም የራሰ ሽቦ አለ። ክረምት ላይ ቱቦ ውስጥ ውኃ ገብቶ የተለሰነ ቤት ይህን ፈተና ይወድቃል።

ሁለተኛው ኤርዝ የሚባለው የመሬት መስመር ነው፤ በጎንደር ይህ የራሱ ጣጣ አለው። ከተማዋ የተቀመጠችው ባዛልት ድንጋይ ላይ ነው። 1.5 ሜትር የመዳብ ዘንግ ግማሹ ላይ ድንጋይ ይመታል፤ ሠራተኛው የተረፈውን ቆርጦ ይጥልና በሲሚንቶ ይሸፍነዋል። ከላይ ሲታይ ምንም አይልም፤ ሲለካ ግን የለም ከማለት አይለይም። መፍትሔው ሁለተኛ ዘንግ ቢያንስ በዘንጉ ርዝመት ያህል ርቀት ተክሎ ማገናኘት ወይም ባዶ የመዳብ ሽቦ በቦይ ውስጥ አግድም መቅበር ነው። ልኬቱ በነሐሴ ጭቃ ሳይሆን በመጋቢት ድርቅ ቢደገም እውነቱ ይወጣል። ከዚህ ጋር ከረንት ሲያፈስ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ አርሲዲ የሚባል መከላከያ ለሻወርና ለኩሽና መስመሮች ይገጠማል፤ የአርሲዲውን የመሞከሪያ ቁልፍ ሲጫኑ ካልወደቀ ሥራውን መረከብ አይገባም።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸም በፊት የልኬቶቹ ውጤት በወረቀት፣ ባለሙያው የፈረመበት፣ እና የማከፋፈያ ሰሌዳው ሥዕል በሰሌዳው በር ውስጥ ተለጥፎ መገኘት አለበት፤ የትኛው ብሬከር ምጣድ፣ የትኛው ቦይለር እንደሆነ በአማርኛ ተጽፎ። ልስን ከመመታቱ በፊት ደግሞ የእያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ፣ ሜትሩ ከቱቦው ጎን ተዘርግቶ፣ ማንሳት አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጋረጃ ምስማር ሊመታ መዶሻ ያነሳ ሰው የሚፈልገው ያንን ፎቶ ነው።